ከጅማ ተነስቶ ደብረ ሊባኖስ ገዳምን መጎብኘት፦ ከቀን ምርጫ እስከ መልስ ጉዞ

ከጅማ ደብረ ሊባኖስ ድረስ ሄደው ደጁን ብቻ ረግጠው የሚመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ቅዳሴ መሀል ይደርስና በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ሌላው ሱሪ የለበሰች እህቱን ይዞ ሄዶ ከበር ላይ ነጠላና ቀሚስ ፍለጋ ይንከራተታል። ሌላው ደግሞ በሁለት ቀን ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ገዳሙ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ መኪና ፍለጋ ይሮጣል። ሁሉም ጅማ ላይ እያላችሁ ልታስቀሯቸው የምትችሏቸው ችግሮች ናቸው።

ርቀቱን አስቀድማችሁ ያዙት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደርሶ መልሱ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመኪና ከሆነ ሦስት ቀን መድቡ፤ ሁለቱን ሌሊት አዲስ አበባ ታድራላችሁ። እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የውጭ እንግዳ ካለባችሁ 3 ሰዓት ስትሉት ለእሱ 9 መሆኑን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ በዚህ ብቻ መኪና ያመለጣቸው አሉ።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚሄድ ቁጠሩ፣ ከዚያ ገዳም ምረጡ

ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ደጁ ላይ ቆሞ መለመንም ዋጋ የለውም። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ለወንዶች ብቻ ናቸው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ሴቶችንም ያስገባሉ። ትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ ሴት አያስገባም። ወንዱም ቢሆን 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ መውጣት ስላለበት አረጋዊ አባት ይዞ የሚታሰብ አይደለም።

ደብረ ሊባኖስ ወንድም ሴትም ይገባበታል፤ መኪናም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይቀርባል። ለቤተሰብ ጉዞ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሦስት ቀን ከሌላችሁ ጉዞውን አታጣቡት፤ ወደ ወንጪ ቂርቆስ ቀይሩት። በዚያው በአዲስ አበባው መንገድ ወሊሶ ላይ ትወርዱና ወደ ወንጪ ትታጠፋላችሁ፤ ገዳሙ ሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ስለሆነ በጀልባ ትሻገራላችሁ። አዳራችሁን ወሊሶ አድርጉ፣ ጠዋት ተሻገሩ። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅ ይዛችሁ አትውጡ። የአለባበሱና የሥርዓቱ ነገር ከታች እንደተጻፈው ነው።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አገናዝቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

1. በዓላቱን ለዩ። የገዳሙ መሥራች የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓላት ታኅሣሥ 24፣ ጥር 24፣ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ናቸው፤ ከዚህ ሌላ በየወሩ 24 ቀን መታሰቢያው ነው። በረከት ፍለጋ ከሆነ የምትሄዱት እነዚህ ቀኖች የእናንተ ናቸው። ቅርሱን ለማየት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወዳለው የጻድቁ ዋሻ ለመውጣት፣ ጠይቃችሁ ለመረዳት ከሆነ ግን ከ22 እስከ 25 ያለውን ዝለሉት። በተለይ ነሐሴ 24 የሰው ብዛት፣ ዝናብና ጭቃ አንድ ላይ የሚመጡበት ቀን ነው፤ የአዲስ አበባ ሚኒባስም በቀላሉ አይገኝም።

2. ጾም ነው ወይስ ፍስክ? ይህ የቅዳሴውን ሰዓት ይወስናል። በፍስክ ቀን ቅዳሴ ጠዋት ስለሆነ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ብትደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ተጠናቅቆ ታገኙታላችሁ። በጾም ቀን ግን ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር ቅዳሴው ከቀትር ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት አካባቢ ይዘልቃል። ይህ በዐቢይ ጾም፣ በነቢያት ጾም (ከኅዳር 15 ጀምሮ)፣ በሐዋርያት ጾም፣ በፍልሰታ (ከነሐሴ 1 ጀምሮ) እንዲሁም በረቡዕና ዓርብ ይሠራል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ፍስክ መሆናቸውን አትርሱ።

3. ከዚያ ምረጡ። ለጉብኝት የሚመቹት የፍስክ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ናቸው። በጾም ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ግን እስከ 2 ሰዓት ተኩል ደርሳችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ውስጥ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ዋሻውን ቅዳሴው እየተቀደሰ ሳለ ውጡ። እሑድ ሰው ይበዛል፤ ሌላ ቀን ከሌላችሁ ከ4 ሰዓት በኋላ ድረሱ።

4. የመንገዱን ሁኔታ ከመነሻችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ ከዚያም በዋዜማው ጠይቁ። የምትጠይቁት የጅማ መናኸሪያ ሾፌሮችን ስለ አዲስ አበባው መንገድ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደግሞ ስለ ፍቼ መስመር ነው። ፌስቡክ ላይ ያለው ወይ የቆየ ነው ወይ የተጋነነ። መንገዱ አያስኬድም ከተባለ ቀኑን አሸጋግሩ፤ "እስከ አዲስ አበባ ልሂድና እዚያ አየዋለሁ" የሚለው ሁለት የሆቴል ሌሊት ያስከፍላል።

ደረጃ 3፦ የምትይዙትንና የማትይዙትን ለዩ

ልብስ። ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ። ሱሪ በነጠላ ተሸፍኖም ቢሆን ያነጋግራል። ወንዶች ረጅም ሱሪ፣ እጅጌ ያለው ሸሚዝና ነጠላ። ነጠላውን ሂርማታ ገበያ ላይ ግዙት፤ ገዳሙ ደጅ የሚሸጠው ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው የቸገረው ሰው ዋጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጠላ የሚጣፋው መስቀለኛ ነው። ጥለቱን ወደ ፊታችሁ አታድርጉት፤ እሱ የሐዘን አለባበስ ነው።

ጫማ። ገመድ የሌለው፣ ቶሎ የሚወልቅ፣ ግን ዳገት የሚችል። ወፍራም ካልሲ ጨምሩ፤ ጠዋት ወለሉ ይበርዳል። ጫማችሁን የምትይዙበት አንድ ፌስታል ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ሙቀት። ጅማን ለምዳችሁ በስስ ሹራብ አትውጡ። ሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ።

ሰነድና ገንዘብ። መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለውጭ እንግዳ ፓስፖርት፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል። ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ያዙ፦ ለመግቢያ፣ ለሙዳየ ምጽዋት፣ ለነዳያን። በቴሌብር እከፍላለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ኔትወርኩ ሊጠፋ ይችላል። ገዳሙ ውስጥ ለማደር ወይም ሱባኤ ለመግባት ካሰባችሁ ከአጥቢያችሁ ደብር ደብዳቤ አጽፉ። ያለ ደብዳቤ የሚመጣ ሰው የሚስተናገደው በአባቶች በጎ ፈቃድ ነው።

ስጦታ። ከጅማ የሚሄድ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ቡና ነው። ተዉት። ቡና የማይጠጡ መነኮሳት ብዙ ስለሆኑ ስጦታችሁ ተቀባዩንም እናንተንም ያሸማቅቃል። ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ውሰዱ፤ ለቤተ መቅደስ አገልግሎት ስለሚውሉ የሚመልሳቸው የለም።

የማይወሰድ። ጫት፣ ሲጋራ፣ መጠጥ። ጫት ከመኪናው ኪስ ውስጥ ተረስቶ ቢገኝ እንኳ ሰበብ ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩን ከጅማ ሳትወጡ አነጋግሩት። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር ክልክል ስለሆነ ቤት ይቀመጥ።

ደረጃ 4፦ ከጅማ አዲስ አበባ (ቀን 1)

ከንጋቱ 12 ሰዓት አትለፉ። የአውቶቡስ ትኬት ከሆነ በዋዜማው ቁረጡ፤ ስትቆርጡም አዲስ አበባ የት መናኸሪያ እንደሚያወርዳችሁ ጠይቁ፤ የአዳራችሁን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ሳጃን አልፋችሁ ወደ ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ኃይል ያዙት። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ቆሞ የወረደ መኪና ታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ ይላላል። ወደ ወልቂጤ ስትወጡ ደግሞ የሙቀት መለኪያውን አትርሱት፤ መርፌው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ የራዲያተሩን ክዳን እንደጋለ አትክፈቱ። ምሳ ወልቂጤ ወይም ወሊሶ።

አዲስ አበባ ስትገቡ አልጋ በሰሜኑ በኩል ያዙ፦ አዲሱ ገበያ፣ ሰሜን ማዘጋጃ ወይም ሽሮ ሜዳ አካባቢ። ዓየር ጤና ወይም ቃሊቲ አድሮ ጠዋት ከተማዋን ማቋረጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል፤ የፍስኩን ጠዋትም የጾሙን ጠዋትም የሚያበላሸው ይኸው ነው።

ጊዜ ያጠራችሁ ከጅማ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ በአውሮፕላን ሂዱ። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ጉዞውን ወደ ሁለት ቀን የሚያሳጥርላችሁም ይህ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ከአዲስ አበባ ገዳሙ (ቀን 2)

1. ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ተነሱ። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ የፍቼ መኪና ትሳፈራላችሁ፤ ለረዳቱ "ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። በዝምታ የተቀመጠ ሰው ፍቼ ይወርዳል።

2. መስመሩ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ ነው። ደብረ ጽጌን ስታልፉ ተዘጋጁ፤ መገንጠያው ከፍቼ በፊት በስተቀኝ ነው።

3. ከመገንጠያው ገዳሙ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን አቀበት ስለሆነ አረጋውያንን በእግር አታስወርዱ፤ መገንጠያው ላይ መኪና ወይም ባጃጅ ጠብቁ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ መልሱንም ጨምራችሁ።

4. ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አትውረዱ፤ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይቀርባሉ። እዚያው አቅራቢያ ያለውንና የፖርቹጋል ድልድይ እየተባለ የሚጠራውን የድንጋይ ድልድይ ለማየት ካሰባችሁ ለመልሱ አቆዩት፤ ጠዋት ከገባችሁበት ሰዓቱ ያልቃል።

ጭጋግ ከወረደ (ክረምት ላይ እንጦጦን ስታልፉ ብዙ ጊዜ አለ) መብራት አብርታችሁ ቀስ በሉ። የጎጃም መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው።

ደረጃ 6፦ ቅጥር ግቢው ውስጥ

ከመኪና ስትወርዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በቀጥታ አትሂዱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. መጀመሪያ የጎብኚዎች መግቢያ ክፍያ የሚቀበለውን ሰው ጠይቁ፣ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የውጭ ዜጋ ክፍያ ይለያል። ደጅ ላይ ቀድሟችሁ "እኔ ላስጎብኛችሁ" የሚል ወጣት ካገኛችሁ በትሕትና "ከጽሕፈት ቤቱ ነህ ወንድሜ?" በሉት። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ የጠየቀ አስጎብኚ ሙዚየሙን ማስከፈት አይችልም።

2. ስለ ፎቶ እዚያው ጠይቁ፦ ውጪውን፣ ውስጡን፣ ሙዚየሙን ለየብቻ። "ፎቶ ይቻላል" የሚለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የውጪውን ነው። ውስጥ ቢፈቀድም ፍላሽ አጥፉ። የሚጸልይ ሰውን፣ ጸበልተኛንና ነዳያንን አታንሱ። ለቲክቶክ እየተናገሩ መቅረጽ ለሌላው ጎብኚ ሁሉ በር የሚዘጋ ነገር ነው፤ አስተናጋጁ አባት ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው አይፈቅዱም።

3. ሃይማኖታችሁን ከተጠየቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። ከጅማ የሚሄድ ቡድን ውስጥ ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም መኖሩ የተለመደ ነው፤ ጥያቄው እናንተን ለማባረር ሳይሆን የት ድረስ እንደምትገቡ ለመወሰን ነው። ግቢውንና ሙዚየሙን ማየት የተለየ ነገር አይጠይቅም። በቅዳሴ ሰዓት ግን ያልተጠመቀ ሰው ውስጥ አይቆምም። ሂጃብ የለበሰች እህት ራሷ የተሸፈነ ስለሆነ አለባበሷ ላይ የሚጎድል የለም። መስቀል ሲዘረጋላችሁ መሳለም ካልፈለጋችሁ ጎንበስ ብላችሁ ማለፍ ይበቃል።

4. ወንዶች በወንዶች በር፣ ሴቶች በሴቶች በር ግቡ። ካላወቃችሁ በር ላይ ያለውን ጠይቁ እንጂ ሰው ተከትላችሁ አትግቡ። ጫማ ከደረጃው በታች ይወልቃል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ግቢውንና ውጪውን እያየች መቆየት ትችላለች፤ ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅባትም፣ ባልደረቦቿም "ለምን ቀረሽ" አይበሏት።

5. ከውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ መኖራቸውን ያዙ። መቅደሱ ከመጋረጃው ወዲያ ነው፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም። መጋረጃውን አትንኩ፣ ልጆችንም በእጃችሁ ያዙ። ባለቀለም መስታወቶቹ ላይ ብርሃኑ የሚያምረው ጠዋት ላይ ነው፤ በፍስክ ቀን ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ቸኩላችሁ የምትገቡበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

አባቶችን "አባ"፣ "አባቴ"፣ እናቶችን "እማሆይ" በሉ። ለመጠየቅ ስትቀርቡ ቀድማችሁ ባረኩኝ ማለት ደንብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ፈልገህ ነው ልጄ ይባላል፣ ነገሩም ይቃለላል።

ቅዳሴ ከተጀመረ ብትደርሱስ? በሩን አታንኳኩ፣ በመስኮት አትመልከቱ። ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ከውጭ ቆሞ መጠበቅ ወይም ቀድሞ ወደ ዋሻው መውጣት። ምእመን ሆናችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ መሀል ላይ አትውጡ፤ ዲያቆኑ "እትዉ በሰላም" እስኪል ቁሙ። ከዚያ በኋላም ሕዝቡ እስኪወጣ ሩብ ሰዓት ታገሡና አስጎብኚውን ያዙ።

ሙዚየሙ ተዘግቶ ከሆነ ቁልፍ የያዙት አባት ቅዳሴ ላይ ወይም ማዕድ ላይ ናቸው ማለት ነው። ስም ጠይቁ፣ የሚመለሱበትን ሰዓት ጠይቁ፣ ተቀመጡ። ሌላ ሰው "እከፍትላችኋለሁ" ቢል አትቀበሉ፤ ዕቃ ቤት የሚከፍተው ኃላፊነት የተሰጠው ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ዋሻውና ጸበሉ

ዋሻው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው፤ እንደ እግራችሁ ሁኔታ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ አቀበት ያስኬዳል። ውሃ ያዙ፣ ክረምት ከሆነ ዱላ ያዙ፤ እርጥብ ድንጋዩ ያንሸራትታል። የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው ታች ይጠብቅ፤ ከጅማ የመጣ ሳንባ በአንድ ሌሊት ለደጋው አይለምድም።

ጸበል ለመጠመቅ ወይም ለመጠጣት ካሰባችሁ ቁርስ አትብሉ። ብዙ ሰው መንገድ ላይ በልቶ ከደረሰ በኋላ ያስታውሰዋል። ቡድኑ ውስጥ ጸበል የሚፈልግና የማይፈልግ ካለ ዋሻውን ከሙዚየሙ አስቀድሙት፤ የጾሙት ቶሎ ይቀምሳሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ባዶ ሆዱን ዳገት አይውጣ፤ በልቶ ይውጣ፣ ጸበሉን ይተወው ወይም አባቶችን ያማክር። ትንሽ ጀሪካን ከቤት ብትይዙ ይሻላል፤ የዘይት ጀሪካን አጥባችሁ አታምጡ።

ምጽዋት። መንገዱ ዳር ነዳያን ብዙ ናቸው። ስትገቡ መስጠት ከጀመራችሁ ወደ ፊት መሄድ አትችሉም። ዝርዝሩን ለመውጫ አቆዩት፣ ወይም ገንዘቡን ለገዳሙ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ቦርሳችሁን ሰው መሀል አትክፈቱ።

ደረጃ 8፦ መልስ

ከገዳሙ 8 ሰዓት ላይ ውጡ፤ በጾም ቀን ቅዳሴ ካስቀደሳችሁ 9 ሰዓት ተኩል። ሲመሽ መንገድ ላይ መገኘት የለባችሁም፤ በዚህ መስመርም በጅማው መስመርም።

መገንጠያው ላይ የሚያልፉት መኪኖች ከፍቼ ሞልተው ስለሚመጡ እጅ እያወዛወዛችሁ አንድ ሰዓት ልትቆሙ ትችላላችሁ። ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ካልተሳካ ወደ ፍቼ የሚሄድ ያዙ፤ ቅርብ ነው፣ መናኸሪያው ውስጥ ወንበር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ፍቼ እደሩ። የጅማው ትኬት ለማግስቱ ጠዋት የተቆረጠ ከሆነ ለትኬት ቢሮው በዚያው ሰዓት ደውላችሁ ወደ ቀጣዩ ቀን እንዲያዛውሩላችሁ ጠይቁ፤ መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚደውል ሰው ገንዘቡ ይቀራል።